በሁለት እጅ የተያዘ ስልክ

ሳልቅን ከማንም ሰው ምንም ነገር በአንድ እጇ ተቀብላ አታውቅም። በኮክ-ጃር መንደር ሰው የሚመዘነው በዚህ ነው፤ ዳቦ ሲዘረጉለት በአንድ እጁ ላፍ የሚያደርግ ልጅ ካለ፣ ልጁን ትተው እናቱን ነው የሚያሟት። ሳልቅንን በልጇ ያማ ግን የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጇን ቤጊማይን ከበግ ጸጉር ምንጣፍ እየሠራች አሳደገቻት፤ ጸጉሩ ላይ የፈላ ውሃ እያርከፈከፈች፣ እየጠቀለለች፣ በክንዷ እየጨፈለቀች፣ ዋና ከተማው ቢሽኬክ ልካ አስተማረቻት። ልጅቷም ተመረቀች፣ ቢሮ ገባች፣ ከደህና ቤት ተዳረች። የሳልቅን መዳፎች ሰፍተው ቀሩ፣ ጥፍሮቿ ሥር ቀይና ሰማያዊ ቀለም ገብቶ አልለቅ አለ። እሷ ግን ይህን ከቁም ነገር ቆጥራው አታውቅም።

በሠርጉ ጊዜ ቤጊማይ ስስ ነጭ ጓንት ገዝታላት ነበር። «የከተማ ፋሽን ነው አፓ፤ እናቶች ሁሉ ያደርጉታል» አለቻት፤ አፓ እነሱ ዘንድ እማማ እንደማለት ነው። ሳልቅን አዳራሹ ውስጥ ዞር ዞር ብላ ብታይ ጓንት ያደረገች ሌላ እናት አላየችም። ቢሆንም ልጇ አስባ የገዛችላት ነውና ቀኑን ሙሉ ሳታወልቀው ዋለች። እስከ ዛሬም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። እናት ሞኝ ናት፤ ሞኝ ባትሆንማ ማን ልጅ ያሳድግ ነበር?

እንግዲህ ባለፈው መኸር ቤጊማይ ልጇን አዝላ መጣችና ስትጠቀምበት የነበረውን ስልክ ለእናቷ ሰጠቻት። ለራሷ አዲስ ገዝታ ነበር። ስትሰጣትም እንዲህ አለቻት፦

«አፓ፣ እኔ ስደውልልሽ እንደፈለግሽ ያዥው። ቁዳጊ ስትደውልልሽ ግን በሁለት እጅሽ ነው። ከታች በኩል እቅፍ አድርገሽ፣ እንዲህ። ባታይሽም ይታወቃል።»

ቁዳጊ የልጅ አማት ናት፤ ልጅ የተሰጣጡ ሁለት እናቶች የሚጠራሩበት ስም ነው። ከዘመድ ሁሉ የምትፈራው እሷ ናት። ወንድምሽን ብታስቀይሚው ነገ ይታረቅሻል፤ ቁዳጊሽን ካስቀየምሻት ግን መዘዙ በልጅሽ ራስ ላይ ይወርዳል። ሳልቅን ይህን ልጇ ስትነግራት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከተማ ያልበላት ልጅ አለችኝ ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

የመጀመሪያው ጥሪ የመጣው ሥራ ላይ ሳለች ነው። እጇን በቀሚሷ አደራረቀች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ብድግ ብላ ቆመች። ስልኩን ከታች በሁለት መዳፏ አቅፋ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው።

«ቁዳጊ፣ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰቡ፣ ጤናው፣ ሕፃኑስ...»

«ደህና ነን ቁዳጊ፣ እርስዎስ እንዴ...»

ከዚያ በኋላ ጭጭ። ሳልቅን «ሃሎ፣ ሃሎ» አለች፤ የሚመልስ የለም። ለቤጊማይ ስትደውልላት ልጅቷ ሳቀች።

«ተራራው ነው አፓ። የእናንተ ተራራ ኔትወርክ ይበላል።»

«ካንቺ ጋር ግን ይሠራል እኮ።»

«ዕድል ነዋ፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም።»

በሚቀጥለውም ጊዜ እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ራይካን፣ ቁዳጊዋ ማለት ነው፣ ሰላምታ ጀምራ ሳትጨርስ ድምጿ ይጠፋል። የሳልቅን ጎረቤት ቡሩል፣ የመንደሩን ሱቅ የያዘችው ሴት፣ አፏ ሹል ነው፤ ነገሩን ስትሰማ ዝም አላለችም።

«ተራራ ተራራ አትበይኝ» አለቻት። «እኔ እዚሁ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ናሪን ከተማ ካለች እህቴ ጋር ወተቱ እስኪገነፍል አወራለሁ። ካንቺም ጋር ሰዓት ሙሉ እናወራለን። ያንቺ ስልክ እንዳንቺው አማት ይፈራል።»

ሳልቅን ሳቀች። ቤቷ ገብታ ብቻዋን ስትሆን ግን ሳቁ ጠፋ። ስልኩ ከቡሩል ጋር ደህና ነው፣ ከልጇ ጋር ደህና ነው፤ የሚጠፋው ራይካን ስትደውል ብቻ ነው። እንግዲያው የሚዘጋው ሰው ነው እንጂ ተራራ አይደለም። ለወጉ ትደውላለች፣ ድምፄን ስትሰማ ይከብዳታል፣ ትዘጋለች፤ የበግ ጠረኔ በስልክም ይሸታታል ማለት ነው። ለልጇ ግን ትንፍሽ አላለችም። የልጅን ትዳር በሐሜት የሚያናጋ ሰው ጤነኛ አይደለም ባይ ናት።

ችግሩ ይህን ጥሪ የምትጠብቀው ለሰላምታ ብቻ አለመሆኑ ነው። የልጅ ልጇ አሊኑር መቆም ጀምሯል። ሕፃን የመጀመሪያውን እርምጃ ሲራመድ ከጥቁርና ከነጭ ጸጉር በተፈተለ ገመድ እግሮቹ ይታሰራሉ፤ ልጆች ይሮጣሉ፣ የቀደመው ገመዱን ይቆርጠዋል፣ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ክፍት ነው ይባላል። ጥቁሩም ነጩም ያለበት፣ ሕይወት ሁለቱንም ስለሆነች ነው። ሳልቅን ይህን ገመድ ክረምቱን ስትፈትል ከርማለች። ነጩ ከበጎቿ ሁሉ ለስላሳ ከሆነችው ነው፤ ጥቁሩን ለማግኘት ማዶ መንደር ድረስ ሄዳለች። ገመዱን ይዛ ሄዳ በገዛ እጇ የልጁን እግር ማሰር፣ ይኸው ነው የምትፈልገው። ነገር ግን ቁዳጊ ቤት ሳይጠሩ አይኬድም። የልጅ ጥሪም አይበቃም፤ «ኑልን» የሚለው ቃል ከቤቱ እመቤት አፍ መውጣት አለበት። እና ያቺ እመቤት አፏን በከፈተች ቁጥር ስልኩ ይሞታል።

«አሊኑርስ? አልተራመደም?» ትላለች ለቤጊማይ በደወለች ቁጥር።

«ገና ነው አፓ። ሰነፍ ነው፣ ዳዴው ተመችቶታል።»

«ስትጠሩኝ እመጣለሁ። ገመዱ አልቋል።»

«እሺ አፓ። ቁዳጊ ራሷ ትደውልልሻለች።»

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ሰሞን ሳልቅን ሻይ ቅጠል ልትገዛ ቡሩል ሱቅ ሄደች። ሁለቱ ወሬ ይዘው ሳለ ስልኩ ጮኸ። የራይካን ስም ነው። ሳልቅን እንደ ልማዷ ከተቀመጠችበት ተነሣች፣ ሻሿን ነካ ነካ አደረገች፣ ስልኩን በሁለት መዳፏ አቀፈችው። ስልኩ እጇ ውስጥ ገብቶ ጨርሶ አይታይም።

«ቁዳጊ፣ እንዴት ሰነበ...» አለች። ዝም። እንባዋ መጣ።

ቡሩል የምትመዝነውን ስኳር ትታ ትኩር ብላ ታያት ነበር።

«እስቲ እንደገና እንደዚያ አድርጊ።»

«ምኑን?»

«እንደዚያ ያዥው። እኔ ልደውልልሽ።» ከራሷ ስልክ ደወለችላት። ሳልቅን በአንድ እጇ አነሣችው፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። «አሁን ቁዳጊሽ ነኝ። ተነሺልኝ፣ አክብሪኝ» አለች ቡሩል፣ አፍንጫዋን ሽቅብ አድርጋ። ሳልቅን እየሳቀች ሁለቱን መዳፎቿን ስልኩ ላይ ገጠመች። የቡሩል ድምፅ ተቆራረጠ፣ ጠፋ። ቡሩል መጥታ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው፤ ስልኩ ላይ የኔትወርኩ ዘንጎች አንድ ሁለት ሦስት እያሉ ብቅ አሉ። መልሳ በሳልቅን መዳፍ ደፈነችው፤ ዘንጎቹ ወረዱ።

«በስመ አብ» ባትልም የሚመስል ነገር አለች ቡሩል። «አንቺ ሴትዮ፣ በአክብሮት አንቀሽ ነው የምትገድይው። ስልኩ ኔትወርኩን የሚቀበለው በታች በኩል ነው፣ በዚያ በአካፋ እጅሽ ትደፍኚዋለሽ። ከእኔ ጋር የሚሠራው እኮ ስለምትንቂኝ ነው፤ ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሽኝ ሥራሽን ትሠሪያለሽ።»

ሳልቅን የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ሳቋና ልቅሶዋ አንድ ላይ መጣ። ለካ ራይካን አልናቀቻትም። ለካ ማንም አልዘጋባትም። ስንት ወር ሙሉ ያችን ምስኪን ሴት በልቧ ስታማ ኖራለች፤ ራይካንም በበኩሏ «ይቺ የገጠር ሴት በፊቴ ላይ ትዘጋብኛለች» ሳትል አትቀርም። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የገዛ እጇ ነው። እንዲህ ቀሎ የሚገኝ ጥፋት ደስ ይላል።

«አሁኑኑ እደውልላታለሁ» አለች። «ይቅርታም እጠይቃታለሁ፣ አሊኑርንም እጠይቃታለሁ።»

ስልኩን ከላይ በሁለት ጣቷ ብቻ አንጠልጥላ ያዘችው። እንዲህ ይዛ ከቁዳጊ ጋር ማውራት ነውር መስሎ ተሰማት፤ ቢሆንም ያዘችው። ጠራ፣ ተነሣ። የራይካን ድምፅ ግን አይደለም፤ የቤጊማይ ባል ቲሌክ ነው። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሹፌር ነውና ብዙ ጊዜ ቤት አይገኝም፤ ሳልቅን ከሠርጉ ወዲህ ብዙም አላወራችውም።

«አፓ! እናቴ ስልኳን ረስታ ጎረቤት ሄዳለች። እንዴት ነዎት? ሕመሙ ተሻለዎት?»

«የምን ሕመም ልጄ?»

«ያ በአሊኑር ገመድ ቆረጣ ጊዜ ያመመዎት ነዋ። እንዴት አዝነን መሰልዎት። እናቴ ራሷ ደጋግማ ደውላልዎ ነበር፣ እየተቋረጠ እምቢ አለ። ኋላ ቤጊማይ፣ ትኩሳት ይዟታል፣ ከአልጋ አትነሣም፣ አትጠብቋት አለችን። እናቴ ትንሽ ቅር አላት፤ ዛሬ እንኳ የደወለችው እንዴት አደሩ ልትልዎ ነው።»

ሳልቅን በልቧ ቀኑን ቆጠረች። ባለፈው ሳምንት ልጇ «ገና ነው፣ በዳዴ ነው» ብላታለች።

«መቼ ነበር በዓሉ?» አለች ቀስ ብላ።

«ይኸው ወር ሊሞላው ነው። አሁንማ ይሮጣል፣ እኔንም ያስሮጠኛል። ገመዱን ከገበያ ገዛን፤ የእርስዎ ቢሆን ደስ ባለን።»

ቡሩል ከባንኮኒው ማዶ ሁሉንም ትሰማለች። ሳልቅን ግን እናት ናትና የመጀመሪያ ሐሳቧ ልጇን መሸፈን ሆነ።

«አዎ፣ ተሻለኝ ልጄ። ተሻለኝ። ለእናትህ ንገራት፣ የተቋረጠው በእኔ ጥፋት ነው። እሷን ለማክበር ብዬ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ...»

ቲሌክ ከት ብሎ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አይደለም፤ ምንም የማያውቅ ሰው ሳቅ ነው።

«ያንን ስልክ? በሁለት እጅ? አፓ፣ ያ ስልክ እቤታችን የታወቀ እኮ ነው። ቤጊማይ ቢሮ ሳለች አለቃዋ ሲደውልባትና ማውራት ስትሰለች፣ ከታች በሁለት እጇ እቅፍ ታደርገውና 'ተራራ ላይ ነኝ፣ አይሰማም' ትለዋለች። ጭጭ ይላል። እኛማ ስሙን 'ማምለጫ' ነበር የምንለው። አልነገረችዎትም? ረስታው ነው መቼም።»

«ረስታው ነው» አለች ሳልቅን።

ስልኩን ዘጋች። ሳልቅን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያቸው ጀመር፤ ጥፍሮቿ ሥር ያለውን ቀለም። ነጩ ጓንት ትዝ አላት። እናቶች ሁሉ ያደርጉታል። «ከታች በኩል እቅፍ አድርገሽ፣ እንዲህ» እያለች ልጇ ጣቶቿን አንድ በአንድ ስልኩ ላይ የደረደረችላት ትዝ አላት። እንዴት ደስ ብሏት ነበር፤ ልጇ እጇን ስትነካው።

«በእጄ አፍራ ነው» አለች። «ሌላ ምንም አይደለም ቡሩል። እዚያ ድግስ ላይ ሄጄ በዚህ እጄ የልጇን እግር እንዳላስር ነው። ትከፋብኛለች ብላ 'አትምጪ' አላለችኝም፤ የገዛ አክብሮቴን ነው አፌ ላይ የወተፈችው። ሌላ ሰው ቢሆን ባልከፋኝ።»

ቡሩል፣ ለሁሉ ነገር ተረት የማታጣው ሴት፣ ስኳሩን እንደገና መዝና አሰረችላት። በመጨረሻ፣ «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለች። ወዲያው ግን ይህን ማለቷ ሳይቆጫት አልቀረም፤ ሻዩን በነፃ ውሰጂ አለቻት።

ሳልቅን ማንንም አልተቆጣችም፣ ማንም ጋ አልደወለችም። ቤቷ ገብታ ያለቀውን ምንጣፍ ጠቀለለችው። የምታስርበት ፈለገች። ሣጥኑን ከፍታ ጥቁርና ነጩን ገመድ አወጣች፣ ጥቂት ያዘችው፣ ከዚያ ምንጣፉን ጥርቅም አድርጋ አሰረችበት። ክረምቱን ሙሉ የፈተለችው ገመድ ጠንካራ ሆኖ ወጥቷል።

በማግስቱ ጠዋት ለበጎቹ ድርቆሽ እየሰጠች ሳለ ቤጊማይ ደወለች። ሳልቅን በሁለት ጣቷ አነሣችው። የልጇ ትንፋሽ እንኳ ይሰማል፤ እንደ ሮጠ ሰው ነው የምትተነፍሰው።

«አፓ፣ ቲሌክ ትናንት አውርተናል አለኝ። እሱ ነገር ያቀላቅላል፣ አትስሚው። በዓል እኮ አይባልም፣ ትንሽ ሻይ ነገር ነው፣ ትልቁን ገና እናደርጋለን። አንቺን በዚያ ብርድ መንገድ ማስወጣት ከብዶኝ...»

ሳልቅን እስክትጨርስ ጠበቀቻት። በሕይወቷ የልጇን ድምፅ እንዲህ አጥርታ ሰምታው አታውቅም።

«ቤጊማይ» አለቻት፣ «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም። ስልኩን እንዴት እንደምይዘው ስታሳዪኝ፣ ምን እንደሚሆን ታውቂ ነበር?»

መልስ የለም።

«ይሄ እጄ ነው ያሳፈረሽ? ያሳደገሽ እጅ ነው እኮ።»

ከወዲያ በኩል ሕፃን ሲስቅና ትንንሽ እግሮች ወለል ሲደበድቡ ተሰማ። አሊኑር እየሮጠ ነው። ሳልቅን ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው። ከዚያ የቤጊማይ ድምፅ መጣ፣ ከፍ ብሎ፣ ባዕድ ሆኖ፦

«አፓ? ሃሎ? አፓ፣ አይሰማኝም፣ እየተቆራረጠ ነው። ተራራው ነው መሰለኝ...»

ሳልቅን ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችው። ዘንጎቹ ሁሉም ሙሉ ናቸው። አንዲትም አልጎደለችም። መልሳ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው።

«ቆይ ልጄ» አለች፣ «እንዳስተማርሽኝ ልያዘው።»

ድርቆሹን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ስልኩን ከታች በሁለት መዳፏ እቅፍ አደረገችው። «አፓ፣ አፓ» የሚለው ድምፅ ተቆራርጦ እስኪጠፋ ድረስ አልለቀቀችውም።